«አትሞክሩብን» ላሉን ጸሐፊ የተሰጠ ምላሽ

ጅማ መርካቶ አካባቢ አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ባለፈው ሳምንት ሦስት ደንበኞች ስልካቸውን አውጥተው አንድ ጽሑፍ አሳዩኝ። ርዕሱ «ሕመምተኛ መሞከሪያ አይደለም» ይላል። ሦስተኛዋ ሴትዮ «ዶክተር፣ ይሄ ነገር እውነት ነው?» ስትለኝ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። (ዶክተር አይደለሁም፤ ፋርማሲስት ነኝ። እኛ ከተማ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው።)

ጽሑፉን ላላያችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። የጸሐፊውን አጎት ስትሮክ መታቸው። ሆስፒታል ገቡ፤ አስፒሪንና ክሎፒዶግሬል (ሰዉ «ደም ማቅጠኛ» የሚላቸው ሁለት መድኃኒቶች) አብሮ ታዘዘላቸው፤ ተሻላቸው። ሰባት ወር ሆናቸው፣ እስከ ዛሬ ሁለቱንም ይወስዳሉ። ከዚህ ተነሥተው ጸሐፊው ብዙ ይላሉ። አስፒሪን እንደሚሠራ እየታወቀ በላዩ ሌላ መድኃኒት እየጨመሩ መሞከር ሰውን አይጥ ማድረግ ነው። በእነዚህ ሙከራዎች ግማሹ ሕመምተኛ ባዶ ክኒን (መድኃኒት የሌለበት) ተሰጥቶት ይተዋል። ሁለት መድኃኒት ከአንድ እንደሚሻል ለማወቅ ሙከራ አያስፈልግም፤ ለሁሉም ይሰጥ። ሙከራው ደግሞ የቻይናና የአሜሪካ ነው፤ እኛን አይመለከትም። መዝጊያው ምክር ነው። ስትሮክ የመታው ሰው ሆስፒታል እስኪደርስ አይጠበቅ፣ ሁለቱም ክኒን ቤት ውስጥ ይሰጠው ይላሉ።

ከመጨረሻው ልጀምር። ሌላው ክርክር ነው። ይሄኛው ግን ዛሬ ማታ ሰው ሊገድል ይችላል።

ጸሐፊው ስለ ስትሮክ ሲያወሩ አንድ በሽታ ያለ ይመስላል። ሁለት ነው። አንዱ ወደ አንጎል የሚሄድ ደም ሥር በረጋ ደም ሲዘጋ የሚመጣ ነው። ሌላው ደም ሥሩ ፈንድቶ ደም አንጎል ውስጥ ሲፈስ ነው። ከውጭ ሲያዩአቸው መንታ ናቸው። በሁለቱም አፍ ይጣመማል፣ እጅ ይዝላል፣ ምላስ ይተሳሰራል። ሠላሳ ዓመት የሠራ ሐኪምም ቢሆን በዓይኑ አይቶ እርግጠኛ መሆን አይችልም። የሚለያቸው ሲቲ ስካን ነው።

አስፒሪንና ክሎፒዶግሬል የሚጠቅሙት ለመጀመሪያው ነው። ለሁለተኛው መስጠት፣ ቧንቧ ፈንድቶ ቤቱ በውሃ እየተሞላ ሊጠግን የመጣውን ሰው ከበር እንደ መመለስ ነው። አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ ከአሥር ስትሮክ ስምንቱ ወይም ከዚያ በላይ የመዘጋት ነው። እኛ አገር የመድማቱ ድርሻ ከዚያ ከፍ ይላል። ትልቁ ምክንያት ሳይታወቅና ሳይታከም የሚኖር የደም ግፊት ነው። ስለዚህ በግምት ክኒን ማጉረስ ለንደን ላይም ጥሩ አይደለም፤ ጅማ ላይ ደግሞ ይብሳል።

ሌላም አለ። ስትሮክ የመታው ሰው ብዙ ጊዜ መዋጥ ያቅተዋል። ውሃውም ክኒኑም ትን ብሎት ወደ ሳንባው ይገባል። ቤት ውስጥ የሚሠራው ሥራ ሌላ ነው። ሰዓት እዩ። ምልክቱ ስንት ሰዓት ላይ ጀመረ? ከዚያ በፊት ደህና ሆኖ የታየው መቼ ነው? ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ነው። «ንፋስ ነው፣ ያልፋል» ብሎ ማደር ይቅር። ባጃጅም ሆነ ሌላ፣ የተገኘውን ይዞ ሲቲ ስካን ወዳለበት መሮጥ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ጽሑፉን ሁለቴ አነበብኩት፤ አልገጣጠም ብሎኝ ነው። ላይ «አትሞክሩብን» ይላል። ታች «ሁለቱንም ስጡን» ይላል። እንዴ! ሁለቱ አብረው እንደሚጠቅሙ ማን ነገራቸው? አጎታቸውን ያከመው ሐኪም ትእዛዙን ከሰማይ አላወረደውም። ከሙከራ ነው ያገኘው። ያውም ጸሐፊው ከሚያወግዙት ዓይነት።

ቻንስ የሚባለው ሙከራ ነው። ውጤቱ የወጣው በ2013 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ቻይና ውስጥ 5,170 ሰዎች ገቡበት። ሁሉም ቀላል ስትሮክ ወይም መጥቶ የሄደ ጊዜያዊ ስትሮክ የመታቸው ናቸው። ከጀመራቸው 24 ሰዓት አላለፈም። ግማሹ አስፒሪን ብቻ ወሰደ። ግማሹ በአስፒሪኑ ላይ ክሎፒዶግሬል ተጨመረለት፤ በመጀመሪያው ቀን 300 ሚሊግራም፣ ማለትም እኛ የምንሸጠው ባለ 75 ክኒን አራት ፍሬ፣ ከዚያ በቀን አንድ። ሁለቱ መድኃኒቶች አብረው የተወሰዱት ለ21 ቀን ነው። በ90 ቀን ውስጥ አስፒሪን ብቻ ከወሰዱት 11.7 በመቶው እንደገና ስትሮክ መታቸው። ሁለቱን ከወሰዱት 8.2 በመቶው። ከባድና መካከለኛ መድማት በሁለቱም ወገን 0.3 በመቶ ነበር።

ባዶ ክኒን የሚለው ክስ እዚሁ ላይ ይፈርሳል። በቻንስ አስፒሪን ያልደረሰው ሰው የለም። በነባሩ ሕክምና ላይ ሌላ መደመር ማለት ይኸው ነው፤ የታወቀው መድኃኒት ለሁሉም ይሰጣል፣ ጥያቄው የሚጨመረው ላይ ብቻ ነው። ባዶው ክኒን የሚገባው ሕመምተኛውም ሐኪሙም የቱ እንደደረሰው እንዳያውቁ ነው። ካወቁ ዓይናቸው ያዳላል። አዲሱን መድኃኒት የሚወስደው ሰው እጁ ትንሽ ሲደነዝዝ «አይ፣ ምንም አይደለም» ይባላል። ሌላው ሲደነዝዝ «እንደገና መታው» ይባላል።

ማን የቱን እንደሚወስድ በዕጣ መለየቱም ጸሐፊውን አስቆጥቷቸዋል። «በሰው ሕይወት ቁማር» ብለውታል። እቁብ የማያውቅ ሰው እዚህ ያለ አይመስለኝም። ዕጣ የሚወጣው ሰብሳቢው ለዘመዱ እንዳያዳላ ነው። መድኃኒት ላይም እንደዚያው። ሐኪሙ በራሱ ቢመርጥ፣ ሳያውቀው ጠንከር ያለውን ሰው ለአዲሱ መድኃኒት ሊመርጥ ይችላል። ያ ሰው ሲሻለው መድኃኒቱ ነው ያሻለው ወይስ ድሮም ጠንካራ ስለነበር? መልስ የለውም።

«አስፒሪን እንደሚሠራ እየታወቀ» የምትለዋ ሐረግ ደግሞ ትንሽ አሳቀችኝ። እንዴት ታወቀ? በ1997 ሁለት ትልልቅ ሙከራዎች ውጤታቸውን አወጡ። አንዱ በ36 አገሮች ከ19,000 በላይ ሰው፣ ሌላው በቻይና ከ21,000 በላይ ሰው ያሳተፉ ነበሩ። በዕጣ ግማሹ አስፒሪን አገኘ፣ ግማሹ አላገኘም። አርባ ሺህ ሰው ተደምሮ የታየው ጥቅም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሺህ ሰው ወደ ዘጠኝ የሚጠጋውን ከሞት ወይም ከተደጋጋሚ ስትሮክ ማዳን ነው። ከሺህ ዘጠኝ! ይህንን አንድ ሐኪም ዕድሜ ልኩን ቢሠራ በዓይኑ አያየውም።

የጅማ ሰው ናሙና ምን እንደሆነ ያውቃል። ከአንድ ጆንያ ጀንፈል ሁለት ፍሬ አንሥቶ «ይሄ ቡና አንደኛ ነው» ብሎ የሚገዛ ነጋዴ ካለ ኪሳራው ቅርብ ነው። «አጎቴ ወስደው ተሻላቸው» የምትለዋ ያቺ አንዷ ፍሬ ናት። አጎታቸው በመሻላቸው እሰየው፤ ከልቤ ነው። ግን ስትሮክ ከመታቸው ሰዎች ምንም ሳይወስዱም የሚያገግሙ አሉ።

«ሁለት ከአንድ ይሻላል» የሚለው ሦስተኛው ነጥብ ላይ ቆም እላለሁ፤ ገበያው ላይ በየቀኑ የምሰማው እሱን ነው። ጸሐፊው ተረት ጠቅሰዋል፦ «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል።» ለጎጆ ጥሩ ነው። ለደም ግን አይሆንም።

ችግሩ ከስሙ ይጀምራል። «ደም ማቅጠኛ» እንላለን። መድኃኒቶቹ ደም አያቀጥኑም። ደማችን ውስጥ ፕሌትሌት የሚባሉ ጥቃቅን ነገሮች አሉ። የደም ሥር ሲቆረጥ ተሯሩጠው እርስ በርስ ተጣብቀው ቀዳዳውን ይደፍናሉ። ቢላ ሲቆርጠን የሚያተርፉን እነሱ ናቸው። ችግሩ፣ የደም ሥር ውስጡ ሻክሮ ሲላጥ እዚያም ላይ ይጣበቃሉ፤ መንገዱን ይዘጉታል። አስፒሪን እርስ በርስ የሚጠራሩበትን አንዱን መልእክት ይቆርጣል። የነካት ፕሌትሌት ዕድሜዋን ሙሉ አትመለስም፤ ዕድሜዋም ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ነው። ክሎፒዶግሬል ሌላኛውን መልእክት ይቆርጣል። ሁለቱ ሲደመሩ መጣበቁ በጣም ይቀንሳል። የሚቀንሰው ግን መጥፎው ቦታ ላይ ብቻ አይደለም። ጨጓራ ላይም፣ አንጎል ውስጥም፣ በሁሉም ቦታ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው «ሁለት ይሻላል ወይ?» አይደለም። ለማን? መቼ? ለስንት ቀን? ይህንን የመለሱት ሙከራዎች ናቸው፤ ግማሾቹ ተስፋ የተጣለበትን መድኃኒት ጥለው ነው የመለሱት።

በ2004 የወጣ ማች የሚባል ሙከራ አለ። 7,599 ሰዎች ለ18 ወር ተከታተለ። ክሎፒዶግሬል ብቻ በሚወስዱት ላይ አስፒሪን ሲጨመር ይህ ነው የሚባል ጥቅም አልታየም። ለሕይወት የሚያሰጋ መድማት ግን ከ1.3 ወደ 2.6 በመቶ አደገ። እጥፍ ማለት ነው። በ2012 ደግሞ ኤስፒኤስ3 የተባለው ወጣ። አንጎል ውስጥ ጥቃቅን ደም ሥሮች የተዘጉባቸው 3,020 ሰዎች ሁለቱን መድኃኒት ለዓመታት ወሰዱ ወይም አስፒሪን ብቻ ወሰዱ። ስትሮክ ይህን ያህል አልቀነሰም። ከባድ መድማት ወደ እጥፍ ተጠጋ። አስፒሪን ብቻ ከወሰዱት 77 ሰው ሲሞት፣ ሁለቱን ከወሰዱት 113 ሞተ። ሁለት ባላ ነበር የተተከለው።

መቼ የሚለውም እንዲሁ ነው። በዚያው በ2012 አርቲስ የሚባል ሙከራ፣ የረጋ ደም የሚያሟሟውን አልቴፕሌዝ ለተወጉ ሰዎች ወዲያው አስፒሪን በደም ሥር ጨመረ። ሐሳቡ ያምራል፤ የተከፈተው ደም ሥር ተመልሶ እንዳይዘጋ። ውጤቱ? ምልክት ያሳየ የአንጎል ውስጥ መድማት ከ1.6 ወደ 4.3 በመቶ ወጣ፣ ጥቅም አልታየም፣ 642 ሰው ላይ እንደደረሰ ቆመ። ያው አስፒሪን ነው፤ ሁላችንም እንደ ኪሳችን የምናውቀው። አንድ ቀን ቢቆይ መድኃኒት፣ ቢቸኩል ጠንቅ።

ሦስትስ? እሱም ተሞክሯል። ታርዲስ የሚባለው ሙከራ አስፒሪን፣ ክሎፒዶግሬልና ዳይፒሪዳሞል የሚባለውን ሌላ የፕሌትሌት መድኃኒት አንድ ላይ ሰጠ። 3,096 ሰው ከገባበት በኋላ መረጃውን የሚከታተለው ገለልተኛ ኮሚቴ አስቆመው። የስትሮኩ መደጋገም አልቀነሰም፤ መድማቱ ግን በዛ፣ ከፋም። ሦስቱን የወሰዱ ሰዎች በመጀመሪያ ዕድለኞች ነን ብለው ይሆናል። ጸሐፊው «ለሁሉም ይሰጥ» የሚሉት መንገድ የሚያደርሰው እዚህ ነው። ልዩነቱ፣ በሙከራ ውስጥ የሚቆጥርና የሚያስቆም ሰው አለ። ሳይሞክሩ ለሁሉም ሲሰጥ ግን ማንም አይቆጥርም፤ የሞተው ሰው «ጊዜው ደርሶ ነው» ይባላል።

ወደ 21 ቀኗ ልመለስ። በ2018 ፖይንት የተባለ ሌላ ሙከራ ወጣ፤ ሕመምተኞቹ የቻንስ ዓይነት ናቸው፣ ግን ሁለቱን መድኃኒት ለ90 ቀን ሙሉ ወሰዱ። ከሺህ ሰው 15ቱን ከስትሮክና መሰል አደጋ አዳነ። አምስቱን ለከባድ መድማት ዳረገ። የሁለቱ ሙከራዎች መረጃ አንድ ላይ ሲታይ ነገሩ ግልጽ ሆነ። ጥቅሙ በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ 21 ቀናት ውስጥ ነው። የመድማቱ አደጋ ግን ክኒኑ እስካለ ድረስ ይቀጥላል። ሐኪሞች ወረቀት ላይ «ለ21 ቀን» ብለው የሚጽፉት ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። አንድ ልጅ ለእናቱ በየወሩ ሁለቱን ክኒን ይገዛኝ ነበር። ከአጋሮ ነው የሚመጣው። ሰላም እንባባላለን፣ እሰጠዋለሁ፣ ይሄዳል። አንድ ቀን «እናቴ ሰገራዋ እንደ ከሰል ጠቁሯል፣ ስትነሣ ያዞራታል» አለኝ። የመጀመሪያውን ወረቀት አምጣ አልኩት። አመጣው። ክሎፒዶግሬሉ ላይ «21 ቀን» ተጽፏል። ዓመት ከአራት ወር ሆኗት ነበር። ጨጓራዋ ሲደማ ኖሯል። ደም ተሰጣት፣ ተረፈች። ወረቀቱን ያልጠየቅሁት እኔ ነኝ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ እኔም እየሳቅሁ ነበር የምሸጥላት።

ለማን የሚለውን ባጭሩ። ቻንስ የወሰደው የስትሮኩ መጠን ከ0 እስከ 42 በሚለካበት መለኪያ 3 እና ከዚያ በታች የሆነውን ነው። ግማሽ አካሉ ፈጽሞ የማይንቀሳቀስ ሰው አልገባበትም። ትልቅ ስትሮክ ላይ የተጎዳው የአንጎል ክፍል ራሱ በቀላሉ ወደ መድማት ይሄዳል። ስለዚህ የቻንስን ውጤት «ስትሮክ ለመታው ሁሉ» ብሎ መውሰድ አይቻልም።

ቻይና የሚለው ነጥብ ላይ ግማሹን እቀበላለሁ። ክሎፒዶግሬል እንደተዋጠ አይሠራም፤ ጉበት ቀይሮ ማንቃት አለበት። ይህን የሚያደርገው ኢንዛይም በዘር ደካማ የሆነባቸው ሰዎች አሉ። በቻንስ ሙከራ ከተመረመሩት ከግማሽ በላይ እንደዚያ ሆነው ተገኙ። በ2021 የወጣው ቻንስ 2 እነዚህኑ ሰዎች መርጦ በክሎፒዶግሬል ፋንታ ቲካግሬሎር የሚባል ሌላ መድኃኒት ሰጣቸው፤ የስትሮኩ መደጋገም ከ7.6 ወደ 6.0 በመቶ ወረደ። ዘር ለውጥ ያመጣል ማለት ነው። እኛም የራሳችን አለን። ኮዴይን የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ወደ ሞርፊን በሚቀይረው ሌላ ኢንዛይም ላይ በ1990ዎቹ በተሠራ ጥናት፣ ከኢትዮጵያውያን 29 በመቶው የተደራረበ ጂን ይዘው ተገኝተዋል። ለሌላው ልክ የሆነው መጠን ለእነሱ ሊበዛ ይችላል።

ታዲያ ከዚህ የሚወጣው መደምደሚያ ምንድን ነው? «እዚህ አትሞክሩ» ነው? የሰው አገር ውጤት እኛን ካልመሰለ፣ እዚህ መሞከሩ ነው የሚሻለው። ለምሳሌ ኢንስፓየርስ የሚባለውን እዩት። በ2023 መጨረሻ ወጣ፤ 6,100 ሰው፣ እሱም ቻይና። የጠየቀው ጥያቄ ግን የእኛ ነው። ሰው 24 ሰዓት ካለፈው በኋላ ቢመጣስ? እስከ 72 ሰዓት የዘገዩትን አስገባ። የስትሮኩ መደጋገም ከ9.2 ወደ 7.3 በመቶ ቀነሰ። ከባድና መካከለኛ መድማት ከ0.4 ወደ 0.9 ጨመረ። ከገጠር በቅሎ ላይ ተጭኖ፣ ጠበል ወይም ዱዓ ቤት ቆይቶ፣ በሦስተኛው ቀን ለሚደርሰው የእኛ ሰው ይህ ትልቅ ዜና ነው። ግን የእኛ ሰው ግፊቱ ከዚያኛው ሊብስ ይችላል። መድማቱ እዚህም 0.9 ላይ ይቆማል? ቻይና ውስጥ ተቀምጦ ይህን የሚመልስ ሰው የለም።

አንድ ነገር ላይ ጸሐፊው ልክ ናቸው፤ ባለፍ ደስ አይለኝም። «ቤተሰብ እያለቀሰ ወረቀት ፈርሙ ይባላል» ብለዋል። ይሆናል። ደዶ ወይም ሰቃ ያለ ገበሬ አፋን ኦሮሞ ነው የሚናገረው። ወረቀቱ በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ ከሆነ የፈረመው ምኑን ነው? ሙከራ እዚህ ከተሠራ ወረቀቱ በአፋን ኦሮሞ ይጻፍ፣ ይነበብለት፣ ሰውየው መልሶ በራሱ አባባል ይንገር። እምቢ ያለው ያው ሕክምናውን ያግኝ። በመሃል መውጣት የፈለገ ይውጣ። የሥነ ምግባር ኮሚቴም፣ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣኑም ፈቃድ የሚሰጡት ይህንን እንዲያዩ ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ቢጮሁ አብሬ እጮኻለሁ። «አትሞክሩ» ሳይሆን «አስረድታችሁ ሞክሩ» ቢሉ ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩም።

አሁን ለጸሐፊው ለራሳቸው። አጎትዎ ሁለቱንም ክኒን ሰባት ወር እንደወሰዱ ጽፈዋል። ሲወጡ የተሰጣቸውን ወረቀት ዛሬ ይፈልጉት። ክሎፒዶግሬሉ አጠገብ ቀን ተጽፎ ይሆናል። በራስዎ አያስቁሙ፤ የልባቸው ደም ሥር ላይ ስቴንት (ደም ሥሩን ከፍቶ የሚይዝ ቱቦ) ገብቶላቸው ወይም ሌላ ምክንያት ኖሮ ሆን ተብሎ የረዘመ ሊሆን ይችላል። ወረቀቱን ይዘው ያከማቸው ሐኪም ጋ ይውሰዷቸው። ሰገራቸው ጠቁሮ እንደሆነም ይጠይቋቸው፤ አዛውንት ካልተጠየቀ አይናገርም።